ምዕራፍ 7፦ የቮልሷ ዕድሜ ስንት ነው?

ቦሌ ውስጥ በአንድ ግቢ ሸራ ለብሳ ከርማ ለሽያጭ የቀረበች ቮልስ ቢያንስ አራት ዕድሜ አላት። አንደኛው ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ሻንሲዋ ላይ የተመታው ቁጥር የሚናገረው ነው። ሦስተኛው የሞተሯ ነው። አራተኛው የቸርኬዋ፣ የመስታወቷ፣ የዲናሞዋና የመብራቷ ዕድሜ ሲሆን እሱ ራሱ ብዙ ነው። አራቱ ከተስማሙ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች የቆየች ናት ለማለት ይቀርባል። ካልተስማሙ ግን የሆነ ጊዜ፣ የሆነ ጋራዥ ውስጥ፣ የሆነ ነገር ተቀይሯል። ይህ ምዕራፍ አራቱን ዕድሜዎች እንዴት ማንበብና ማመሳከር እንደሚቻል ያሳያል።

ምሳሌዬን ቮልስ ላይ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቮልስዋገን በአጠቃላይ 21,529,464 ቮልሶችን ሠርቶ የመጨረሻዋን እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ከተማ ሲያስወጣ፣ በትውልድ ከተማዋ በጀርመኗ ቮልፍስቡርግ ምርቷ ከቆመ 29 ዓመት ሆኖት ነበር። በብዙ አገር ቮልስ ዛሬ የእሑድ መኪና ወይም የሙዚየም ጌጥ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ግን አሁንም ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ በሥራ መግቢያ ሰዓት ከአዳዲሶቹ መኪኖች እኩል ትሰለፋለች። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት ላይ ውሃ አታፈላም። ሞተሯን ሁለት ሰው በአጭር ጊዜ አውርዶ መልሶ ይሰቅላል።

የአገራችን ሁኔታም ዕድሜዋን አርዝሞታል። መኪና ማስገባት ሁልጊዜም ውድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እጅግ ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ የቆየ መኪና ማደስ የሚፈልግ ሰው ምርጫው እዚሁ አገር ውስጥ ያሉት ናቸው። እነዚያም በሕይወት የቆዩት አንዱ ለሌላው ዕቃ እየሰጠ ነው። የአንዷ ካምቢዮ ለሌላዋ ይሆናል፤ የተጋጨችው በር ላልተጋጨችው ይገጠማል፤ ሶማሌ ተራ የተገዛ ሞተሪኖ ገርጂ ያለ ጋራዥ ውስጥ አዲስ ሕይወት ያገኛል። ከ22 ማዞሪያ እስከ ጉርድ ሾላ ባሉ ጋራዦች የሚሠሩ መካኒኮች ይህን ማድረግ መቻላቸው ሊያስመሰግናቸው ይገባል፤ ያለ እነሱ የምናድሰው መኪና አይኖርም ነበር። ውጤቱ ግን አንዲት ቮልስ ውስጥ የአራትና የአምስት ቮልሶች ዕቃ ተቀላቅሎ መገኘቱ ነው።

ቦሌ ለዚህ ጥናት የተመቸ ሰፈር ነው። የጄት አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሰፈሩ በቪላ ሲሞላ፣ ቮልስም ከተማዋን እየሞላች ነበር። ከዚያ ዘመን የቆዩ ግቢዎች ውስጥ ከባለቤቱ እጅ ወጥተው የማያውቁ መኪኖች ይገኛሉ ቢባል አይገርምም። ደላላውም ይህን ያውቃል፤ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ አንድ እጅ ብቻ ናት፣ ብሎኗ አልተፈታም» ይላል። ሊሆን ይችላል። መልሱ ያለው ግን ብሎኑ ሥር ነው።

ከወንበሩ ሥር የተመታው ቁጥር

የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ሁለት ቦታ ይገኛል። ዋናው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉን መሃል ለመሃል ከፍሎ በሚሄደው ጉብታ ላይ፣ በቀጥታ ብረቱ ላይ የተመታው ነው። ሁለተኛው የፊት ኮፈኑ ሲከፈት ከስኮርታው ጀርባ በተገጠመች ትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳዋ ከአንዷ መኪና ተነቅላ ሌላዋ ላይ ልትገጠም ስለምትችል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታመነው ብረቱ ላይ የተመታው ነው።

ችግሩ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያው ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑ ነው። የባትሪ አሲድ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላል፤ ዝገቱና አቧራውም ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ቁጥሩን ለማግኘት ግራይንደር ወይም የሽቦ ብሩሽ ማንሳት ትልቅ ስህተት ነው፤ ማስረጃውን ይፍቀዋል። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ከዚያ ስስ ወረቀት ቁጥሩ ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ጎን ቢያሹት ዓይን የማያየው አኃዝ ሳይቀር ይወጣል። ያ ወረቀት የመኪናዋ ፋይል የመጀመሪያ ገጽ ይሁን።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ከ1965 ሞዴል በፊት የነበሩት ቁጥሮች ተራ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ዓመቱ የሚታወቀው ፋብሪካው ከየት እስከ የት እንደደረሰ ከሚያሳይ ሰንጠረዥ ጋር በማመሳከር ነው። ከኦገስት 1964 ጀምሮ ግን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት ያሳያሉ፤ ለተለመደችው ቮልስ 11 ነው። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴል ዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ነው። ቀሪዎቹ የምርት ተራ ናቸው። በ118 የሚጀምር ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው፤ በ119 የሚጀምር የ1969።

ሦስተኛው አኃዝ በየአሥር ዓመቱ ስለሚደገም አንድ ተጨማሪ ነገር መቁጠር ያስፈልጋል፤ የአኃዞቹን ብዛት። ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ያሉት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 9 አኃዝ አላቸው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ያሉት 10 አኃዝ አላቸው። ስለዚህ በ116 የሚጀምር ባለ 9 አኃዝ ቁጥር የ1966 ሞዴል ሲሆን፣ በ116 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ በአብዛኛው የ1976 ሞዴል ነው። አንዲት አኃዝ በዝገት ከጠፋች አሥር ዓመት ይሳሳታሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የቮልስ የላይኛው አካል ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። ብሎኖቹን ፈትቶ የአንዷን አካል በሌላዋ ወለል ላይ መጫን ይቻላል፤ ተደርጓልም። የሻንሲ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ወለሉ ብቻ ነው። ስለ አካሉ የሚናገረው የኋላ መስታወቱ ነው። ለሁለት የተከፈለው መስታወት እስከ ማርች 1953 ድረስ የቆየ ነው። የእንቁላል ቅርጽ ያለው እስከ 1957 አጋማሽ ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ሰፊውና አራት ማዕዘኑ መጣ፤ ኦገስት 1964 ላይ በመጠኑ ሰፋ፤ ኦገስት 1971 ላይ ደግሞ እንደገና ሰፋ። ሻንሲው 1968 ብሎ የኋላው መስታወት የ1972ቱን መጠን ከያዘ፣ ሁለት መኪኖች አንድ ሆነዋል።

የእነሱ ዓመትና የእኛ ዓመት

የአዲስ አበባን ገዢ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሻጩ «የ68 ሞዴል ናት» ሲል የየትኛውን 68 ነው? በእኛ አቆጣጠር 1968 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆቹ 1975 መጨረሻና 1976 ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ለቮልስ ትንሽ አይደለም፤ በመካከሉ ሞተሯ፣ መብራቷ፣ መስታወቷና ካርቡራተሯ ተለዋውጠዋል።

ደግነቱ ቮልስዋገን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞዴል ዓመቱን ይጀምር የነበረው ጃንዋሪ ላይ ሳይሆን ኦገስት ላይ ነው። የጀርመን ሠራተኞች የበጋ ዕረፍታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የአዲሱ ሞዴል ምርት ይጀመር ነበር። ኦገስት 1 ቀን በእኛ ሐምሌ 25 ነው። ስለዚህ የ1968 ሞዴል የሚባለው ከሐምሌ 25 ቀን 1959 እስከ ሐምሌ 24 ቀን 1960 ዓ.ም. የተመረተው ነው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በቀር መላው የሞዴል ዓመት ከእኛ ዓመት ጋር ይገጥማል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከሞዴል ዓመቱ ላይ 8 ይቀንሱ። የ1968 ሞዴል የ1960 ዓ.ም. ናት፤ የ1973 ሞዴል የ1965 ዓ.ም. ናት።

ይህ ደንብ ለሞዴል ዓመት ብቻ ነው የሚሠራው። ዕቃ ላይ የተመታ ወርና ዓመት ሲገኝ ቀኑ የፈረንጅ ስለሆነ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ላለው 8፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ላለው 7 ይቀነሳል፤ ሴፕቴምበር በመሃሉ ይከፈላል። ቸርኬ ላይ 11 እና 67 ከተመታ ኅዳር 1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። 3 እና 68 ከተመታ መጋቢት 1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሁለቱም የአንድ ሞዴል ዓመት ልጆች ናቸው።

ሊብሬው ላይ «1968» ብቻ ተጽፎ ካገኙ ጥርጣሬውን ሻንሲው ይፈታዋል። ቁጥሩ በ118 ጀምሮ 9 አኃዝ ካለው ጸሐፊው የተጠቀመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ116 ጀምሮ 10 አኃዝ ካለው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ ወይ ሊብሬው ተሳስቷል፣ ወይ መኪናዋ ሊብሬው የሚናገርላት መኪና አይደለችም። ያን ጊዜ ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ስለ ሕጋዊነት መነጋገር ያስፈልጋል።

ሞተሩ ምን ይላል?

የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር፣ በሞተሩ አካል ላይ ይገኛል። ከኦገስት 1965 ወዲህ ቁጥሩ በፊደል ይጀምራል፤ ፊደሉም የሞተሩን ጉልበት ያሳያል። «ዲ» የ1200 ሲሲ ሞተር ነው። «ኤፍ» የ1300 ሲሆን እስከ 1970 አጋማሽ ተሠርቷል። «ኤች» የ1500 ነው፤ የመጣውም ኦገስት 1966 ላይ ነው። ኦገስት 1970 ላይ ለ1300ው «ኤቢ»፣ ለ1600ው «ኤዲ» ተተኩ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሻንሲው በ118 የሚጀምር ባለ 9 አኃዝ ነው፤ የሞተሩ ቁጥር በ«ኤቢ» ይጀምራል። ሰንጠረዥ ማየት አያስፈልግም። መኪናዋ ከጁላይ 1968 በኋላ አልተሠራችም፤ ሞተሩ ከኦገስት 1970 በፊት አልተሠራም። ሞተሩ ተቀይሯል፤ ጉዳዩ አለቀ። «ኤፍ» ቢሆን ኖሮስ? ይስማማል፤ ግን መስማማቱ ብቻ ከፋብሪካ አብራው የወጣው ሞተር መሆኑን አያረጋግጥም። ከሌላ የ1968 ቮልስ ሊመጣ ይችላል።

ሞተር መቀየር በራሱ ነውር አይደለም። ቮልስዋገን ራሱ ያረጀን ሞተር ተቀብሎ በፋብሪካ የታደሰ ሞተር የሚሰጥበት አሠራር ነበረው። ጥያቄው መቀየሩ ሳይሆን መመዝገቡ ነው። ሊብሬው የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ስለሚይዝ፣ ሞተር የቀየረ ባለቤት ሊብሬውን ማስተካከል አለበት። ያላስተካከለ ሰው የሸጠው መኪና አዲሱን ባለቤት ስም ሲያዛውር ወይም ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ያስቸግረዋል።

ትንንሾቹ ምስክሮች

ከሞተሩ ላይ ያለው ካርቡራተር ስሙን ይናገራል። የሶሌክስ 30 ፒክት-2 የ1968ና የ1969 ሞዴሎች ካርቡራተር ነው፤ 34 ፒክት-3 የመጣው ከ1971 ሞዴል ጋር ነው። «ብሮሶል» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ የተሠራው ብራዚል ውስጥ ነው። ብራዚል ቮልስን ለብዙ ዓመታት ያመረተች አገር ስለሆነች ዕቃዋ ጥሩ ነው፤ ግን ከቮልፍስቡርግ በወጣች መኪና ላይ ሲገኝ በኋላ የተገጠመ መሆኑን ይመሰክራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዕቃ ቁጥርንና የምርት ቀንን በማምታታት ነው። የቮልስዋገን የዕቃ ቁጥር ሦስት ሦስት አኃዝ ያላቸው ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ አንዳንዴ መጨረሻው ላይ ፊደል ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ክፍል ዕቃው ለየትኛው ሞዴል እንደተነደፈ ያሳያል፤ በ1 ከጀመረ ለቮልስ፣ በ2 ከጀመረ ለኮምቢ ነው። ሁለተኛው ክፍል የዕቃውን ቤተሰብ ይናገራል። በ1 የሚጀምር ሞተር፣ በ3 ካምቢዮ፣ በ6 ቸርኬና ፍሬን፣ በ8 አካል፣ በ9 ኤሌክትሪክ ነው። ለምሳሌ 903 ዲናሞ ነው፤ 911 ሞተሪኖ፤ 941 የፊት መብራት፤ 945 የኋላ መብራት፤ 953 ፍሬቻ፤ 957 የፍጥነት መለኪያ። መጨረሻ ላይ የምትመጣው ፊደል ዕቃው መሻሻሉን ታሳያለች። ይህ ሁሉ የሚናገረው ስለ ንድፉ ነው። አንድ ንድፍ ለአሥር ዓመት ሊመረት ይችላል፤ ስለዚህ የዕቃ ቁጥር ትክክለኛውን ዕቃ ለመምረጥ እንጂ ዕድሜውን ለማወቅ አይበቃም።

ዕድሜውን የሚናገሩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ቸርኬ ላይ ወርና ዓመቱ ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ጎማው ወልቆ፣ ዝገቱ ተጠርጎ ሲታይ ነው። በቅርጽ የሚፈስሱ የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ክብ ምልክት አለ፤ መሃሉ ላይ ዓመቱ፣ ዙሪያው ላይ ወራቱ ይታያሉ፤ ቀስት ወይም ነጥብ ወሩን ያመለክታል። መስታወት ጥግ ላይ ከፋብሪካው ዓርማ ሥር አንድ አኃዝና ነጥቦች አሉ። አኃዙ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ ነጥቦቹ ወሩን ያሳያሉ፤ አቆጣጠራቸው ግን እንደየፋብሪካው ይለያያል። እዚህም የአሥር ዓመት ወጥመድ አለ፤ 8 የሚለው 1968ም 1978ም ሊሆን ይችላል። ስድስቱ ዋና ዋና መስታወቶች አንድ ዓርማ ይዘው አምስቱ 8፣ አንዱ 3 ካሉ ግን አንድ ጊዜ አንድ መስታወት እንደተቀየረ በእርግጠኝነት ማወቅ ይቻላል።

ኤሌክትሪኩም ዕድሜ አለው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች እንደየገበያው ኦገስት 1966 ወይም ኦገስት 1967 ላይ ወደ 12 ቮልት ተሻገሩ። ዲናሞው ላይ 12 ቮልት ተጽፎ ሻንሲው የ1965 ከሆነ አንድ ባለቤት በማታ የመብራቱ ድካም ሰልችቶት ለውጦታል። ያ ውሳኔ ለመንዳት ትክክል ነው፤ ለማደስ ግን መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም አምፖሉ፣ ሞተሪኖው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሁሉ አብሮ መስማማት አለበት።

የአሜሪካ መኪና ያለው አንባቢ ሌላ ፊደል ይማራል። ጄኔራል ሞተርስ በብሎኮቹ ላይ ወሩን በፊደል ይጽፋል፤ «ኤ» ጃንዋሪ፣ «ኤል» ዲሴምበር ነው። «ሲ 14 8» የሚል ቁጥር ማርች 14 ቀን፣ በ8 የሚያልቅ ዓመት ማለት ነው። ፎርድ በዕቃ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ አሥርቱን ዓመታት በፊደል ያሳያል፤ «ሲ» የ1960ዎቹ፣ «ዲ» የ1970ዎቹ ነው። ፊደሉ ይለያያል እንጂ አስተሳሰቡ አንድ ነው።

ዕቃው ከመኪናዋ ቀድሞ ይወለዳል

ከሁሉ በላይ ያለው ደንብ ይህ ነው፤ ከፋብሪካ የተገጠመ ዕቃ ሁልጊዜ ከመኪናዋ ቀድሞ የተሠራ ነው። ቸርኬው በአንድ ፋብሪካ ይሠራል፣ ይጫናል፣ መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ ይገጠማል። ስለዚህ ዕቃው ከመኪናዋ በጥቂት ሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይበልጣል። መኪናዋ ማርች 1968 ከተሠራች ጃንዋሪ 1968 የሚል ቸርኬ ይጠበቃል፤ ኖቬምበር 1967 የሚል ይታመናል፤ ጁን 1966 የሚል ያጠራጥራል። ሜይ 1968 የሚል ግን አብሯት ሊወጣ አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ የምዕራፉ ዋና ነጥብ ነው። የምርት ቀን ሐሰትን የማፍረስ ሙሉ ኃይል አለው፤ እውነትን የማጽናት ኃይሉ ግን ውስን ነው። አንድ ቀን ብቻ ከመኪናዋ ጋር የማይሄድ ከሆነ ዕቃው ከፋብሪካ አብሯት የወጣ ነው የሚለው አባባል ይወድቃል። አሥር ቀኖች ቢስማሙ ግን የሚያጸኑት «ይቻላል» የሚለውን ነው፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ ሰነድ ያስፈልጋል።

በታሪካችን ካሉት ቮልሶች ሁሉ ይበልጥ የምትታወቀውን እንውሰድ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «ያቺ መኪና የእኔ ናት» ቢል ምን እናደርጋለን? ሻንሲዋ በ116 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ፣ ማለትም የ1976 ሞዴል፣ ከሆነ መኪናዋ የተሠራችው ከኦገስት 1975 በኋላ ስለሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በ115 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ ከሆነ ምርቱ የተጀመረው ከዚያ ዕለት ስድስት ሳምንት ቀድሞ ነው፤ በመርከብ መጥታ፣ ተመዝግባ፣ ታርጋ ለጥፋ ለመድረስ ጊዜው እጅግ ጠባብ ነው። በ112 ወይም በ113 ከጀመረ ሊሆን ይችላል። ግን በዚያው ዓመት ሌሎች ብዙ ቮልሶችም አዲስ አበባ ውስጥ ነበሩ። ከእነሱ መካከል አንዷን የሚለየው የዚያን ዘመን የምዝገባ ሰነድ፣ የታርጋ ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶግራፍ ወይም የተሽከርካሪ ማስረከቢያ ነው። ብረቱ ብቻውን ያን ያህል አይሄድም።

ቁጥር የሚመታው ሰው

ዋጋ ባለበት ማታለል አለ። በውጭ አገር ገበያ ከፋብሪካ የወጣ ሞተሯን የያዘች የቆየች መኪና ከሌላዋ በብዙ ስለምትበልጥ፣ አሮጌውን ቁጥር ፍቆ አዲስ የሚመታ፣ በአሮጌ ዕቃ ላይ አዲስ ምልክት የሚለጥፍ አይጠፋም። በአገራችን የሻንሲ ቁጥር መፋቅና እንደገና መምታት በወንጀል የሚያስጠይቅ ሥራ ነው፤ የተሰረቀ መኪና የሚደበቅበት መንገድም ይኸው ነው።

እንደገና የተመታ ቁጥር የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። አኃዞቹ መስመራቸውን ይስታሉ፤ ጥልቀታቸው አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ዙሪያው ያለው ብረት ከተቀረው ወለል ይልቅ ለስላሳና ስስ ነው፤ ከቀለሙ ሥር የሞረድ ጭረት ይታያል። ቁጥር ብረት ላይ ሲመታ ሥሩ ያለው ብረት ይታመቃል። ላዩ ቢፋቅም የታመቀው ክፍል አሲድ ሲቀባ ከሌላው በተለየ መንገድ ስለሚበላ፣ የጠፋው ቁጥር ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። የፎረንሲክ መርማሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይህ ነው። ጥርጣሬ ካለ ግዢውን አቁሞ በፖሊስ በኩል ማስመርመር እንጂ ራስን መርማሪ ማድረግ አይገባም።

ከቦሌ አጥር ወዲያ ያለው ትምህርት

ዕቃን በቁጥርና በሰነድ መከታተል እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከሉ ያለው ቦሌ ነው። በአቪዬሽን ሥራ አንድ ዕቃ አዲስ ስለሚመስል ብቻ አይገጠምም። የዕቃ ቁጥሩ፣ ተከታታይ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ወይም የታደሰበት ድርጅት የመልቀቂያ ሰነድ አብሮት መምጣት አለበት። ጎማነት ያላቸው ማሸጊያዎች ጨርሶ ባይነኩም የመደርደሪያ ዕድሜያቸው ካለፈ ይጣላሉ። ሰነዱ የጠፋ ዕቃ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቮልስን እንደ ቦይንግ ጠግኑ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሐሳብ መዋስ ይቻላል፤ ዕቃው ብቻውን ግማሽ ማስረጃ ነው፣ ወረቀቱ ሌላው ግማሽ። ለቮልስ ያ ወረቀት አለ። በቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም ፋውንዴሽን ከፋብሪካው የቆየ መዝገብ እያየ ለባለቤቶች በክፍያ የልደት የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ የጠየቀ ሰው መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ የሞተሯን ቁጥር፣ ቀለሟንና ወዴት እንደተላከች ሊያገኝ ይችላል። በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ወረቀት ጋር ከገጠመ ያኔ «ይቻላል» ወደ «ነው» ይሸጋገራል።

ከማደስ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የቆየ መኪና የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር ዋና መልእክት መኪናውን ከሚያስፈልገው በላይ አለመንካት፣ የተደረገውንም ለውጥ ሁሉ መመዝገብ ነው። ለአዲስ አበባ ቮልስ ይህ ከማንኛውም ደንብ ይልቅ የሚስማማ ይመስለኛል። እዚህ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ሞተር የቀየረች መኪና ውሸታም አይደለችም፤ ሠርታ የኖረች ናት። የብራዚል ካርቡራተሯም የሶማሌ ተራ በሯም የሕይወቷ አካል ናቸው። ማታለል የሚጀምረው ይህን ሕይወት ደብቀን የሌላ መኪና ታሪክ ስንሰጣት ነው።

ስለዚህ ለአንባቢ የምመክረው ይህ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የኋላ ወንበሩን ያንሱ፤ ሻንሲውን፣ ሰሌዳውን፣ የሞተር ቁጥሩንና ሊብሬውን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ላሜራ ሠሪው ስቱኮ ከመለጠፉና ቀለም ቀቢው ከመርጨቱ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ከተሸፈነ በኋላ የሚያገኘው የለም። ቀኑ የማይስማማ ዕቃ ሲያገኙ አይጣሉት፤ የወለቀበትን ቀንና ቦታ የሚገልጽ ጽሑፍ አስረውበት ያስቀምጡ፣ የሌላ ሰው ቮልስ የምትፈልገው እሱን ሊሆን ይችላል። የገዙትን ዕቃ ደረሰኝ ያኑሩ፤ ሞተር ከቀየሩ ሊብሬውን ያስተካክሉ። የመኪናዋንም ደብተር በፈረንጅ ይሁን በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ለይተው ይጻፉ። ማንም ምንም ቢከፍልዎ ግን ቁጥር አያስመቱ።